አርባዎቹ «እመጣለሁ» ባዮች

ሰው ሁሉ የወደደውን መጥላት የጀመረኝ ገና በልጅነቴ ነው። ሰፈሩ ኳስ ሲወድ እኔ ገበጣ ያዝኩ፤ ገበጣ ሲለመድ ትቼ መጽሐፍ ውስጥ ተደበቅኩ። ሞባይል ላሊበላ ሲገባ «ያልፋል» አልኩ። ኢንተርኔት ሲመጣም «ያልፋል» አልኩ። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ያለፈው የእኔ ፀጉር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የላስታን ልጆች በኢንተርኔት አሰባስባለሁ ብሎ ሲነሳ የሚያጠፋው ጥፋት ቀላል አይሆንም። አልሆነምም።

ሚሊኒየሙን አክብረን ቲሸርቱ ገና ሳይነጣ ነው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሙሉ ደግሞ የፎቶኮፒና የኢንተርኔት ቤት ባለቤት ናት። ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሯት። አንደኛው ይሠራል፤ ሁለተኛው እንዲሠራ ይጸለይለታል። ፈተና ላባዛ በሄድኩ ቁጥር ሥራዋን አስፈትቼ ስለ ሆቴሎች መብዛት፣ ስለ ሥነ ምግባር መጥፋት፣ ስለ ድልድይ አሠራር፣ ስለማውቀውም ስለማላውቀውም እሰብክላታለሁ። አንድ ቀን ታከታት።

«መምህር፣ ይሄን ሁሉ እዚህ ቆመህ እኔን ከምትነዘንዘኝ ለምን ኢንተርኔት ላይ አትጽፈውም? እዚያ የሚሰማህ አይጠፋም። እኔም ሥራዬን እሠራለሁ።»

ብሎጌ የተወለደው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ልመና ነው። ኋላ ላይ «ጦማር» የሚል የክብር ስም ወጣለት፤ ያኔ ግን ብሎግ ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስም ነው። «ላሊበላ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ስም ተይዟል አለኝ። «ሮሃ» አልኩ። ተይዟል። «ላስታ» አልኩ። እሱም ተይዟል። ሰው ተወልዶ ባደገበት አገር፣ ከቤተ ጊዮርጊስ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የአገሩን ስም የማያውቀው ሰው ቀድሞ እንደያዘበት ሲነገረው የሚሰማውን ብስጭት ማን ይረዳዋል? በመጨረሻ «ሮሃ 114» ሆንኩ። የእስር ቤት ቁጥር ይመስላል፤ ግን ማንም አልያዘውም።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሦስት አንባቢዎች ነበሩኝ። አንደኛዋ ሙሉ ናት፤ በገዛ ኮምፒውተሯ ላይ ስለሚከፈት አይኗን መጨፈን አልቻለችም። ሁለተኛው ራሴ ነኝ። ሦስተኛው «ታዛቢ» የሚባል ሰው ነው። ታዛቢ አንድም ጊዜ አመስግኖኝ አያውቅም። «መምህር፣ አንቀጽህ ረጅም ነው፤ ቁም ነገርህ አጭር» ይላል። «ስለ ድልድይ የጻፍከውን ድልድይ የሠራ ሰው ቢያነበው ራሱን ይጥላል» ይላል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ በጉጉት የጠበቅሁት ደብዳቤ የለም።

ያም ሆኖ አንድ ስድብ ብቻ የተንጠለጠለበት ገጽ ያሳፍራል። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግሁ፤ አሁን ዕድሜዬ ስለገፋ ልናዘዘው። «ናፍቆት» የምትባል አንባቢ ፈጠርኩ። ናፍቆት «እንዴት ያለ ድንቅ ጽሑፍ ነው! እባክህ አታቋርጥብን» ብላ ጻፈች። እኔም ትሑት ሰው ነኝና «ኧረ ይሄን ያህል አይደለም» ብዬ መለስኩላት። እሷ «ነው እንጂ» አለች። እኔ «አይደለም» አልኩ። ልማድ አይለቅምና ሁለት ጊዜ ከናፍቆት ጋር ተከራክሬ አንዴ ተረትቻለሁ።

ደግሞ አንድ ሳምንት ገጹ አልከፈት አለኝ። በዚያ ዘመን ገጽ የሚዘጋበት ሰው ትልቅ ሰው ነው። ታገድኩ! አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ሰማዕት ቀስ እያልኩ በከተማው ተመላለስኩ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጊዜው ነው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል» እል ነበር። ሒሳብ አስተማሪው ሻይ ጋበዘኝ። በሦስተኛው ቀን ሙሉ ጋ ሄጄ በሹክሹክታ «ዘጉኝ አይደል?» አልኳት።

«ማን?»

«እነሱ ናቸዋ።»

«ኧረ መምህር፣ ቤት ስጠርግ መስመሩን በመጥረጊያ ነቅዬው ነው። አሁን ሰካሁት።»

መንግሥትን ያስበረገግሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የዘጋኝ መጥረጊያ ነው። የሻዩን ነገር ለሒሳብ አስተማሪው እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቤታቸው በድሮው የእግር መንገድ ላይ፣ ከገደሉ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ገና በደረሰ ቁጥር ከዋግ፣ ከመቄት፣ ከጋይንት በእግሩ የሚመጣ ተሳላሚ በዚያ በር ያልፋል። እሳቸው ገንዳቸውን በሩ ላይ አውጥተው፣ ውሃ ለብ አድርገው ይጠብቃሉ። መጪውን ሁሉ ያስቀምጣሉ፤ እግሩን ያጥባሉ፣ ይስማሉ፤ ጠላና ያለውን ነገር ያቀምሳሉ። የላሊበላ ሰው ሁሉ ያደርገዋል፤ እትዬ ግን እንደ ሥራ ነበር የያዙት። ጥፍሩን አይተው «አንተ የሰቆጣ ነህ፤ ይሄ የሰቆጣ ድንጋይ ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ከታች በኩል አዲስ የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወጣ። ተሳላሚው በዚያ መጉረፍ ጀመረ። የእትዬ በር ከመንገድ ወጣ። ሦስት ገና ሙሉ ጠላ ተጠምቆ ጎረቤት ጠጣው፤ ውሃውም ቀዝቅዞ ለጎመን ሆነ። ደሴ ያለው ልጃቸው «እማዬ፣ ነይ፤ እዚህ ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው» እያለ ይወተውታል። ኅዳር ላይ እንዲህ አሉኝ፦

«ዘንድሮም ሰው ካልገባ ቤቱን ዘግቼ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ባዶ ገንዳ ይዤ በር ላይ መቀመጥ እኔንም ያሳፍራል፣ በሩንም ያሳፍራል።»

እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ በዚህች ከተማ «አንተ ልጅ» የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰው «መምህር» እየተባለ ብቻ ሊኖር አይችልም። ሄጄ ጻፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳልሰድብ ጻፍኩ። ስለ ገንዳው፣ ስለ ለብ ያለው ውሃ፣ ስለ ሰቆጣ ድንጋይ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ብዕር ሲሞቅ እንደሚሆነው «እግሩ የደከመ ሁሉ ለገና ይምጣ፤ የእትዬ አስካለ ደጅ ክፍት ነው» ብዬ ዘጋሁት። አንድ የማላውቀው ሰው ወስዶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። በአሥር ቀን ውስጥ አርባ ሰው «እመጣለሁ» ብሎ ጻፈ።

ዓዋቂ አንባቢ እንደሚረዳው፣ ኢንተርኔት ላይ «እመጣለሁ» ማለት ሲያስነጥሱ «ይማርህ» እንደ ማለት ነው። አርባዎቹን ቆጥሬ፣ ኮርቼ፣ ቤቴ ገባሁ። ሙሉ ግን አትማ፣ በስቴፕለር አያይዛ፣ እየሮጠች ለእትዬ አስካለ ወሰደችው።

ሰምቼ እትዬ ዘንድ ስደርስ ግቢው ብቅል ተሰጥቶበታል። ሙሉ ወረቀቱን እያነበበች ነው።

«"ነጻነት"፤ እመጣለሁ ብሏል። "ብሌን ዘቦሌ"፤ እመጣለሁ። "አንበሳው"፤ እመጣለሁ። "ስም የለሽ"፤ እመጣለሁ። "ስም የለሽ"፤ እመጣለሁ...»

«ቆይ ቆይ፣ ሁለት ናቸው?» አሉ እትዬ።

«ሰባት ናቸው እትዬ።»

«ሰባት ስም የለሽ! ወላጆቻቸው ምን ነክቷቸው ነው? ክርስትና አልተነሡም?»

ጣልቃ ገባሁ። «እትዬ፣ ይስሙኝ። እነዚህ ሰዎች አይመጡም።»

«ምነው? ታመሙ?»

«አልታመሙም። እዚያ ላይ እንዲሁ ይባላል። ወሬ ነው።»

ብቅሉን ማገላበጥ ትተው ቀና አሉ። «አንተ ልጅ፣ ሰው በአፉ ይዋሻል፤ እሺ። በአፍ የተባለ ነፋስ ይወስደዋል። ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ በጽሑፍ የሰጠ ሰው እንዴት ይቀራል? አንተ አስተማሪ አይደለህ? ጽሑፍ ውሸት ከሆነ ምኑን ታስተምራለህ?»



እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ አርባ ፍሬ ባቄላ ቆጥረው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩ። አንድ ሰው ሲመጣ አንድ ፍሬ ወደ ማሰሮ ትገባለች። አለቀ። ሙሉ ከዚያ የተሻለ ፕሮግራም በሁለቱም ኮምፒውተሮቿ ላይ የላትም።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው ሰውዬ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«አርባ ሰው ልትሰበስብ ነው አሉ። ዓላማው ምንድን ነው?»

«እግር መታጠብ።»

«ከዚያስ?»

«መድረቅ።»

ዝርዝሩን ተቀብሎ አነበበው። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይሄ ታዛቢ የሚባለው የምን ታዛቢ ነው? ምርጫ እየደረሰ ነው፤ የት ነው የተመዘገበው?» ቀጠለና ሌላ ቦታ ቆመ። «ነጻነት ደግሞ ማነው?»

«እኔም አላውቀውም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

«በዕለቱ እገኛለሁ» ብሎ ሄደ። ከአርባ አንድ ሰዎች ውስጥ መምጣቱ የተረጋገጠ እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ። ቢያንስ አሥራችሁ ብዬ ልለምናቸው በየቀኑ ሙሉ ጋ እመላለሳለሁ፤ እሷም በየቀኑ «ጋሸና ላይ ተበላሽቷል አሉ» ትላለች። አንድ ቀን ለሩብ ሰዓት ያህል ብቅ አለ። «በእውነት የምትመጡት እነማን ናችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ላይክ መጣልኝ። ከሥሩ ታዛቢ «እኔ ያልኩትን አደርጋለሁ፤ አንተ መጀመሪያ ፊደልህን አርም» ብሏል። ወዲያው መልሶ ጠፋ። ናፍቆት እንኳ ልታጽናናኝ አልቻለችም።

ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ አስካለ ነጭ ለብሰው፣ ገንዳውን አውጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ረፋዱ አለፈ። እኩለ ቀን ሆነ። በድሮው መንገድ አንዲት ፍየል አለፈች። እትዬ የመቀነታቸውን ጫፍ ይነካካሉ። አርባውም ፍሬ እዚያው ነው። ከታች በአዲሱ መንገድ ላይ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፤ ድምፁ ይሰማል። ውሃውን አንዴ አሙቀውታል፤ ሁለተኛ ለማሞቅ ሲነሱ ጉልበታቸው ተንቋቋ። በሕይወቴ ያንን ድምፅ ያህል የወቀሰኝ ነገር የለም።

«መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል፤ ልቀበላቸው» ብዬ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ታች ሮጥኩ።

መጋጠሚያው ላይ ቆምኩና መጀመሪያ ያገኘሁትን ሽማግሌ ያዝኩ። ከጋይንት ስድስት ቀን የተጓዙ ናቸው፤ አያ ደሳለኝ ይባላሉ።

«አያ፣ የእግር ውሃ ተዘጋጅቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ጠላና ዳቦ አለ። አንዲት ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። በሩ ላይ ሲጠይቁዎ ስሜ ታዛቢ ነው ይበሉ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ በረከት ልቀበል ስድስት ቀን ተጉዤ፣ ደጁ ስደርስ ስሜን ልካድ?»

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው።»

«ጴጥሮስም ለአንድ ሌሊት ነበር» አሉኝ። ግን እግራቸው ደክሞ ነበርና ተከተሉኝ፤ እኔም በሩን አሳይቼ ወደ መጋጠሚያው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ አላፈርኩም። ጢማም የዋግ ገበሬ «ብሌን ዘቦሌ» አደረግሁ፤ በዚያች ሰዓት ሴት አጥቼ ነበር። አንዲት ነፋስ የምትወስዳት የመቄት አሮጊት «አንበሳው» ሆነች። ሦስት ወንድማማቾች ስማቸውን እየተለዋወጡ ሲለማመዱ ተምታታባቸውና ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ገቡ። ከስም የለሾቹ አምስቱን ኪዳነ ምሕረትን በሚሳለሙ እናቶች ሞላኋቸው። ስድስተኛውን ፍለጋ ስዞር አንድ ወይባ የለበሱ፣ መቋሚያ የያዙ ባሕታዊ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ስምዎ ማነው?»

«ስም የለኝም። እኔ ትቢያ ነኝ።»

አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። የዚያን ቀን በገዛ ስማቸው የመጡት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ስወጣ ስወርድ ቆይቼ እትዬ አጠገብ ስደርስ አያ ደሳለኝ ምን እንዳሉ ሰማሁ። በር ላይ እንደተቀመጡ፣ እግራቸው ገና ውሃ ሳይነካ፣ «እናቴ፣ እኔ ደሳለኝ ነኝ። ያ መላጣ ሰውዬ ታዛቢ በል ብሎኝ ነው» ብለው ሁሉን ነገር ዘክዝከዋል። ነገሩ የታወቀው በመጀመሪያው እግር ነው ማለት ነው! እትዬ ግን አንዲት ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ጥለው «እንግዲያው ታዛቢ ደሳለኝ ይግባ» ብለዋቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ «የማን ልጅ ነህ? ስምህ ማነው?» እያሉ ጠይቀው፣ እኔ የሰጠሁትን ስምና እናቱ ያወጣችለትን ስም አገጣጥመው ነው ያስገቡት። ግቢው ውስጥ «ብሌን አያሌው» እና «አንበሳው እመቤት» ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዘንድሮ ገብስ ያወራሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀበሌው ሰውዬ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ተቀመጥ» አሉት እትዬ።

«እኔ በሥራ ላይ ነኝ እናቴ።»

«በሥራ ላይ እግር አይደክምም? ተቀመጥ። አንተ ልጅ፣ ዝርዝሩን እይልኝ፤ ማነው ያልመጣ?»

አየሁ። «ነጻነት አልመጣም» አልኩ።

ሰውዬው ፊቱን አጨፍግጎ አየኝ፤ እትዬ ግን ጫማውን ፈትተው ጨርሰዋል። ነጻነት እግሩን ታጥቦ ገባ፤ ሁለት ጣሳ ጠላም ጠጣ። ደብተሩን አልከፈተውም።

ወደ ማታ ስንደርስ ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ሻንጣዋን እየጎተተች በድሮው መንገድ ብቅ አለች። አርባ ዓመት ያህል ይሆናታል፤ መነጽር አድርጋለች፤ ተረከዟ ተልጧል።

«የእትዬ አስካለ ቤት ይሄ ነው? እኔ ከወልድያ ነኝ። ታዛቢ ነኝ።»

ያን ሁሉ ወር ሲሰድበኝ የኖረ ሰው ሴት ኖሯል! ያልኩትን አደርጋለሁ ብላ ጽፋ ነበር፤ አደረገችው።

እትዬ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ስም ተይዟል። ታዛቢ ቀትር ላይ መጥቶ፣ በልቶ፣ እዚያ ጥግ ተኝቷል።»

ሮሃ 114 የሆንኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ግን ማሽኑ እንዲያ ብሎ ነው ያቆመው፤ እትዬ ቀጠሉ። «አንቺ እንዲሁ ተቀመጪ። ስም በኋላ ይፈለጋል። ይሄ ጫማ ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ሴትዮዋ ከታጠበች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «ሮሃ 114 አንተ ነህ? በጽሑፍህ ረዥም ትመስል ነበር» አለችኝና ገባች።

እትዬ ግን ከበሩ አልተነሱም። የመጨረሻዋ ብርሃን አሸተን ማርያም አፋፍ ላይ ብቻ ቀርታለች፤ ብርዱ መጥቷል።

«ይግቡ እንጂ እትዬ።»

«አንዲት ባቄላ ቀርታለች። ማነው ያልመጣ?»

ዝርዝሩን ማየት አላስፈለገኝም፤ ሌሎቹን ለማደፋፈር መጀመሪያ «እመጣለሁ» ያልኩት በእሷ ስም ነበር። «ናፍቆት» አልኩ።

«እጠብቃታለሁ። የሴት ልጅ መንገድ ብዙ መሰናክል አለው።»

«ላትመጣ ትችላለች።»

«ከሁሉ አብልጣ ያመሰገነች እሷ ናት። ሙሉ አንብባልኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ አትቀርም።»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ውሃውን ለአምስተኛ ጊዜ ሊያሞቁ እጃቸውን ወደ ማንቆርቆሪያው ሲሰዱ አየሁ። የዚያ ጉልበት ድምፅ እንዳይደገም ቶሎ ብዬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ፈታሁ።

«እትዬ» አልኩ፤ «ናፍቆት እኔ ነኝ።»

ከዚያ እግሬን ያዙ። በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ እንደ መንገደኛ ጥፍሬን አዩ። «ይሄ እግር የትም አልሄደም» አሉ። «የላሊበላ ድንጋይ ነው። ታዲያ ራስህን ነበር ስታመሰግን የከረምከው?»

«አዎ።»

«እሰይ። ሌላ ማን ያመስግንህ?» ብለው አጠቡኝ። ሲስሙት ያረጠበኝ እንባቸው ይሁን ውሃው አላውቅም፤ ከተወለድኩ እንደዚያ አፍሬም ደስ ብሎኝም አላውቅም። አርባኛዋ ባቄላ ማሰሮ ውስጥ ገባች። እትዬ ደሴ አልሄዱም። በዓመቱ አያ ደሳለኝ የመንደራቸውን ሰው አስከትለው፣ አዲሱን መንገድ ትተው፣ በድሮው መጡ። እትዬ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እስከ መጨረሻው ገና ድረስ «ታዛቢ» እያሉ ነው የጠሯቸው።

አሁን ሁሉም በኪሱ ኢንተርኔት ይዞ ይዞራል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እኔ ግን ኔትወርክ ጋሸና ላይ የሚበላሽበትን ዘመን ነው የምናፍቀው። የዚያን ጊዜ መስመሩ ከገና በኋላ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ሙሉ ጋ ገብቼ ገጼን ከፈትኩ። «ይቅርታ፣ አልተመቸኝም»፣ «ሥራ በዛብኝ»፣ «ለሚቀጥለው ዓመት በእርግጥ» የሚሉ መልእክቶች ተደርድረዋል። ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስድብ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። ጣቴ ግን ሌላ ነገር ጻፈ፤ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩም እሱ ነው፦

«ምንም አይደለም። ሁላችሁም መጥታችኋል፤ እግራችሁም ታጥቧል። ስም የለሽ ቁጥር ስድስት ግን መቋሚያህን በር ሥር ረስተሃልና ስትመለስ ውሰድ።»